ከጓሮ ወፍ እስከ ጭላዳ፦ ቤተሰብንም የዱር እንስሳንም በአንድ ካሜራ

ፎቶ ማንሳት የሚወድ ሰው የካሜራውን ካርድ ብታዩት ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ነው የሚሞላው። አንዱ ቤተሰብ ነው፤ ልጆች፣ እናት፣ የበዓል ቡና። ሌላው ከከተማ ወጣ ሲል ያገኘው ወፍና እንስሳ። ሁለቱ የተለያየ ሙያ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ልጅም ወፍም "ዝም ብለህ ቁም" ሲባል አይሰማም። ሁለቱም ጥሩ ፎቶ የሚሰጡት እናንተን ሲረሱ ነው። ሁለቱንም ከላይ ወደ ታች ካነሳችኋቸው ያንሳሉ። እኔ እንደማየው የቤቱን ልጅ በደንብ ማንሳት የለመደ እጅ ጭላዳ ፊት ሲቀርብ አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ መመሪያው ከሳሎን ይነሳል፤ ከዚያ ጓሮ፣ ከዚያ ሐይቅ ዳር፣ ተራራው መጨረሻ ነው።

1. መሣሪያ

"ካሜራ ልግዛ፣ አልግዛ" እያላችሁ ወራት ከምታባክኑ በእጃችሁ ባለው ስልክ ጀምሩ። ለቤተሰብ ፎቶ የዛሬ ስልክ ይበቃል። ስልክ የሚያንሰው ወፍ ላይ ነው። በሁለት ጣት እየለጠጡ ማቅረብ ከተወሰነ በኋላ ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት እንጂ ማቅረብ አይደለም። ወፏ ትተልቃለች፣ ላባዋ ግን ይጠፋል።

ለመግዛት ከቆረጣችሁ ያገለገለ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ) ፈልጉ። ባለሙያው ወደ ሚረርለስ (መስታወት አልባው አዲሱ ዓይነት) እየዞረ ስለሆነ የድሮዎቹ ዋጋ ከአዲሶቹ በጣም ያንሳል። ካኖን ይሁን ኒኮን ብላችሁ አትጨቃጨቁ። ዋናው ሌንሱ ነው፤ ሁለት ብቻ ይበቃችኋል። ለቤት 50 ሚሜ፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ/1.8 የሆነ፤ ርካሽ ነው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥም ይሠራል። ለውጭ 70-300 ሚሜ። አነስ ያለ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ባላቸው ካሜራዎች ላይ ይህ ሌንስ የ450 ሚሜ ያህል ያቀርብላችኋል። ውድ የሆነውን ነጭ ትልቅ ሌንስ ለጊዜው እርሱት። ከባድ ነው፣ ቤት ይቀራል። ቤት የቀረ ሌንስ ደግሞ ፎቶ አያነሳም።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ሻጩ ፊት እነዚህን አድርጉ። ሌንሱን ፈትታችሁ ወደ ብርሃን አዙሩና በውስጡ እዩ፤ እንደ ቀጭን ክር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። አፐርቸሩን ኤፍ/16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱና ፎቶውን አቅርባችሁ እዩ፤ ጥቋቁር ነጥቦች ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ናቸው። አቧራ ይጸዳል፤ ጭረት ግን አይጸዳም። ባትሪውን አውጡት፤ ካበጠ ሌላ ጠይቁ። በመጨረሻ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ እያደረጋችሁ ፎከሱ ቶሎ መያዙን ፈትሹ።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ለጀማሪ አይመከርም፤ ልጅም ወፍም ትራይፖድ እስኪዘረጋ አይጠብቅም። ይልቅ ከአሮጌ ሱሪ አንድ እግር ቁረጡና ሁለቱን ጫፍ ስፉት። ሽንብራ ወይም አተር ሙሉበት፣ ግን ጢም አድርጋችሁ አይሁን። መኪና መስኮት ላይ፣ አጥር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ታስቀምጡትና ሌንሱን ታሳርፉበታላችሁ። ለወፍ ከዚህ የተሻለ ድጋፍ አላየሁም።

2. ካሜራውን አንዴ አስተካክላችሁ ተዉት

የጀማሪ ትልቁ ችግር በየደቂቃው ቁልፍ መነካካት ነው። ወፏ በዚያ መሃል ትሄዳለች። እንዲህ አድርጉና ተገላገሉ።

የላይኛውን ማዞሪያ ኒኮንና ሶኒ ላይ "ኤስ"፣ ካኖን ላይ "ቲቪ" ላይ አድርጉ። ይህ የሹተሩን (ለብርሃን የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ፍጥነት እናንተ እንድትወስኑ፣ ሌላውን ካሜራው እንዲያስብበት ያደርጋል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) አውቶ ይሁን፤ ጣሪያውን 6400 ላይ ገድቡት። ፎከሱን ተከታታዩ ላይ አድርጉ፤ ኒኮንና ሶኒ ላይ "ኤኤፍ-ሲ"፣ የካኖን ዲኤስኤልአር ላይ "ኤአይ ሰርቮ" ይባላል። የፎከስ ነጥቡ የመሃሉ አንዱ ብቻ ይሁን። ካሜራችሁ ዓይን የሚከተል ከሆነ እሱን አብሩት። ቁልፉ ሲጫን በተከታታይ እንዲያነሳም አድርጉት።

ከዚያ የምታስታውሱት ፍጥነቱን ብቻ ነው። ተቀምጦ ለሚያወራ ሰው 1/125 ሰከንድ። ሥራ ላይ ላለ ሰው 1/250። ለሚሮጥ ልጅና ቅርንጫፍ ላይ ላረፈች ወፍ 1/500። ለሚበር ወፍ 1/2000፣ ብርሃኑ ከፈቀደ። እጃችሁ ላይ ያለው ሌንስ 300 ሚሜ ላይ ተዘርግቶ ከሆነ ከ1/500 አትውረዱ፤ የእናንተው እጅ መንቀጥቀጥ ይታያል።

አይኤስኦ ከፍ ሲል ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ይመጣል። ይምጣ። ነጠብጣቡን በኋላ መቀነስ ይቻላል፤ ብዥ ያለ ፎቶ ግን ምንም አያድነውም።

3. ሰዓቱን እወቁ

ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ወጥታ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች። ስትወጣም ቀጥ ብላ ነው፤ እንደ አውሮፓ ሰዓታት ሙሉ አግድም አትቆይም። ለእኛ ጥሩው ብርሃን አጭር ነው ማለት ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል እስኪመሽ። ወፎቹም እንስሳቱም በእነዚሁ ሰዓታት ነው የሚንቀሳቀሱት። ቁርስ በልቼ ልውጣ ያለ ሰው ሁለቱንም አጥቷል።

ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የሰው ዓይን ጉድጓድ ይጨልማል፣ አፍንጫ ሥር ጥላ ይወድቃል። በዚያ ሰዓት ቤተሰቡን ወደ በረንዳ ወይም ዛፍ ሥር ውሰዱ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከ4 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል አየሩ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ሩቅ ያለ እንስሳ በምንም ሌንስ ጥርት አይልም። ያኔ ካሜራውን ከታችሁ ምሳ መብላት ነው።

ደመናማውን የክረምት ቀን አትናቁት። ለፊት ፎቶ ከእሱ የሚሻል ብርሃን የለም። ከዓመቱ ሁሉ ምረጥ ብትሉኝ ግን መስከረምን እመርጣለሁ። ዝናቡ አቧራውን አጥቦታል፣ ሜዳው አደይ አበባ ነው፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱት ወፎችም መግባት ይጀምራሉ።

4. ሳሎን ውስጥ፦ የቡናው ፎቶ

ልምምዱን ቡና ላይ ጀምሩ። ቡና የምታፈላው ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል አንድ ቦታ ትቀመጣለች፣ እጇ ሥራ አይፈታም፣ ብርሃኑ አይቀያየርም። እንደዚህ ያለ አመቺ ነገር የትም አታገኙም።

መጀመሪያ የሳሎኑን አምፖል አጥፉ። አምፖሉ ቢጫ፣ የመስኮቱ ብርሃን ሰማያዊ ስለሆነ ሲደባለቁ የፊት ቀለም ይበላሻል። ረከቦቱን ወደ በር ወይም ወደ መስኮት አስጠጉ፤ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ። እናንተ መስኮቱን ከጀርባችሁም ከፊታችሁም አታድርጉት፤ በጎናችሁ ይሁን። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ በሉ። ቆማችሁ ካነሳችሁ የምታገኙት አናትና ሻሽ ነው። ቁጭ ስትሉ ግን የጀበናውን አንገት፣ እጇን፣ ፊቷን በአንድ መስመር ታገኛላችሁ።

የዕጣኑን ጭስ ማሳየት ከፈለጋችሁ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ከኋላ ወይም ከጎን የሚመጣ ብርሃንና ጥቁር ዳራ። ነጭ ግድግዳ ላይ ጭስ አይታይም። ትንሽ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ተንፏቀቁና ከጭሱ ጀርባ ጥላ ያረፈበት ጥግ ወይም ጠቆር ያለ መጋረጃ እንዲሆን አድርጉ። ያው ጭስ ወዲያው ብቅ ይላል።

ስትቀዳ ፍጥነቱን 1/250 ላይ አድርጉ። ጀበናው ከፍ ብሎ ቡናው በቀጭኑ ሲወርድ ፎከሳችሁ ስኒው ላይ ይሁን፤ ከመቅዳቷ በፊት ጀምራችሁ ቁልፉን ተጫኑት። የመጀመሪያዋን ስኒ ባትደርሱባት ቀጣይዋ አለች፤ አቦል ቢያልፍ ቶና አለ።

አሁን ከባዱ ነገር፦ ነጭ ነጠላና ጠየም ያለ ፊት በአንድ ፎቶ። ካሜራ ሁሉንም ነገር ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተት ይወዳል። ነጠላው ፎቶውን ከሞላው "ይሄ በጣም በራ" ብሎ ያጨልመዋል፣ የእናታችሁ ፊት አብሮ ይጨልማል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጉና ወደ መደመሩ ከ0.7 እስከ 1 ግፉት። ስልክ ከሆነ ፊቷ ላይ በጣት ተጭናችሁ ያዙና የፀሐይ ምልክቷን በትንሹ ወደ ላይ ግፉ። ከዚያ ፎቶውን አቅርባችሁ የነጠላውን ጥለትና የጨርቁን ክር እዩ። ክሩ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ከመሰለ አብዝታችኋልና መልሱት። ፀሐይ ላይ ሆናችሁ ሁለቱንም ማግኘት ይቸግራል፤ ጥላ ውስጥ ግን ይገኛል። ለዚህ ነው በረንዳ የሚሻለው።

የስልካችሁ ካሜራ ውስጥ ያለውን ፊት የሚያነጣና ቆዳ የሚያለሰልስ "ቢውቲ" የሚባል ነገር አጥፉት። የሴት አያትን የፊት መስመር አጥፍቶ የሚወጣ ፎቶ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

እሷን ካነሳችሁ ደግሞ አንድ ነገር መምጣቱ አይቀርም። "ቆይ እስቲ ልጄ፣ ነጠላዬን ልቀይር።" ትቀይር። እስከዚያ ያነሳችሁት አለ፤ የቀየረችውንም አንሱላት። የእናንተ የመጀመሪያው ነው፣ የእሷ ሁለተኛው ነው። ሁለቱም ይታተሙ።

ማታ በአምፖል ብርሃን ለማንሳት ከተገደዳችሁ ፍጥነቱን 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ከዚያ የፈጠነ ሹተር ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመር ሊያመጣ ይችላል። ፍላሽ ካላችሁ ጣሪያው ላይ አንጥሩት እንጂ ፊት ላይ አትተኩሱት።

5. ልጆች፣ ሕፃናትና መላው ቤተሰብ

ልጅ ስታነሱ ሆዳችሁ ላይ ተኙ። "ሳቅ በል" አትበሉ፤ ጥርሱን ብቻ ያሳያችኋል። ሥራ ስጡት። ጫማውን ይሠር፣ ጎመን ይልቀም፣ ኳሱን ያብርድ። ሥራው ላይ ሲያተኩር እናንተን ይረሳል። የምትጠብቁት እሷን ቅጽበት ነው፤ የሚሆን ነገር ሳይሆን ሊሆን የተቃረበ ነገር እየጠበቁ መቀመጥ። ለወፍ የምትፈልጉት ትዕግሥት በትክክል ይሄ ነው።

ለአራስ ቤት ከመስኮት የሚገባ ብርሃን ይበቃል። አንዳንድ ቤተሰብ ግን ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሣ ፎቶው እንዲወጣ አይፈልግም፤ ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ማለት ነው። እናትየዋን ሳትጠይቁ አታንሱ፣ ብታነሱም ሳትፈቅድ የትም አትላኩ።

የጅምላ ፎቶ ላይ አዛውንቶቹ ወንበር ላይ መሃል፣ ትልልቆቹ ከኋላ ቆመው፣ ልጆች መሬት ላይ። ሁለት ረድፍ ከሆነ ማዞሪያውን ለዚህ ፎቶ ብቻ "ኤ" (ካኖን ላይ "ኤቪ") ላይ አዙሩና አፐርቸሩ ከኤፍ/5.6 እስከ ኤፍ/8 ይሁን፤ አለዚያ የኋላው ረድፍ ብዥ ይላል። ፎከሱ የፊተኛው ረድፍ ዓይን ላይ። አሥር ሰው ካለ አንዱ ዓይኑን መጨፈኑ አይቀርምና ደጋግማችሁ አንሱ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብላችሁ ካነሳችሁ በኋላ ካሜራውን አታውርዱ። ሁሉም ትንፋሹን ለቆ መሳቅና መጎሻሸም የሚጀምረው ያኔ ነው። የሚቀመጠው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ያ ነው፤ የመጀመሪያው የፓስፖርት ነው።

ጥምቀት ላይ ካሜራችሁን ፌስታል አልብሱትና ሌንሱ አፍ ላይ በላስቲክ እሠሩት፤ ጸበሉ አይጠይቅም። በቀይና በሰማያዊ ጥላ ሥር የቆመ ሰው ፊቱ የጥላውን ቀለም ይይዛልና ከጥላው ጫፍ ወጣ ያለውን ምረጡ። ደመራ ላይ ደግሞ እሳቱን ሳይሆን እሳቱ የሚያበራውን ፊት አንሱ።

6. ጓሮ ውስጥ

አሁን ረጅሙን ሌንስ አውጡ። ግቢ ካላችሁ በበጋው፣ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ዝርግ የሸክላ ሳህን ውኃ ሙሉና አንድ ቦታ አስቀምጡ። ጥልቀቱ ጣት ቢያህል ይበቃል። አጠገቡ ደረቅ ቅርንጫፍ ትከሉ። ወፍ በቀጥታ ውኃው ላይ አይወርድም፤ መጀመሪያ ቅርንጫፉ ላይ አርፎ ግራ ቀኝ ያያል። የምታነሱት ያኔ ነው።

ቦታውን ስትመርጡ ከቅርንጫፉ ይልቅ ከጀርባው ያለውን እዩ። አጥሩ ወይም ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በብዙ ሜትር ከራቀ ለስልሶ አረንጓዴ ይሆናል። አጥሩ ተጠግቶ ከሆነ ግን ቆርቆሮው ከወፏ እኩል ይታያል። የልብስ ማስጫውን ገመድም አውርዱ።

እሬት ወይም ሌላ ቀይ አበባ ካላችሁ ደግሞ ሰንበርድ የምትባለው ቀጭን ጎባጣ አፍ ያላት ትንሽ ወፍ አትቀርም። እሷን እየተከተላችሁ አትሩጡ። አንድ አበባ መርጣችሁ ፎከሱን እዚያ አድርጉና ጠብቁ፤ ዞራ ትመጣለች። ወንዱ የሚያብረቀርቀው ብርሃን በትክክለኛው አቅጣጫ ሲያርፍበት ብቻ ነው። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ካልሆነች ጥቁር ወፍ አንስታችሁ ትመለሳላችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ማለዳ እየጮሁ የሚያልፉትን፣ ሣር ላይ ወርደውም ረጅሙን ጎባጣ አፋቸውን እየሰኩ ትል የሚፈልጉትን ትልልቅ ወፎች ታውቋቸዋላችሁ። ዋትልድ አይቢስ ይባላሉ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኙም። ሰው አገሩን አቋርጦ ሊያያቸው ይመጣል፣ እኛ ግን ከእንቅልፍ ቀሰቀሱን ብለን እናማርራለን። ሰው ስለለመዱ ለጀማሪ ጥሩ ናቸው። ስትጠጉ ቀጥ ብላችሁ አትሂዱ። ሰያፍ ሂዱ፣ ቁሙ፣ ደግሞ ሂዱ። አንዱ አንገቱን ካቀና ቁሙና ወደ ሌላ ቦታ ተመልከቱ። መብላቱን ሲቀጥል እናንተም ቀጥሉ። እና ቁጭ በሉ። የወፍ ፎቶ ከወፉ ዓይን ቁመት ሲነሳ ነው ሌላ ነገር የሚሆነው።

ጥቁር ወፍ፣ ለምሳሌ ቁራ፣ ካሜራው ያለቅጥ ያበራዋል። የነጠላውን ተቃራኒ አድርጉ፤ ወደ መቀነሱ 0.7።

7. የመጀመሪያ ጉዞ፦ ውኃ ዳር

ውኃ ዳር ወፍ ትልቅ ነው፣ ብዙ ነው፣ ሰውም ለምዷል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ማለዳ ሂዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲያወጡ አባ ኮዳዎቹ ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ። ቁመታቸው ከልጅ ይበልጣል፣ መላጣ ራሳቸውን አስግገው እንደ ዳኛ ይቆማሉ። እዚህ ስልክም ይበቃል። ቤተሰብም ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ልጅና አባ ኮዳ በአንድ ፎቶ መልካም ነው፣ ግን ልጁን አታስጠጉ፣ አፉ ጠንካራ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ጠይቁ፣ ከዚያ አንሱ።

ከአዲስ አበባ ሳትርቁ ከሆነ ቢሾፍቱ ሆራ አለ። ጨለለቃ ረግረግ ላይ በበጋው ከሩቅ የሚመጡ ረጃጅም ግራጫ ክሬኖች ያርፋሉ። እስራኤል ያላችሁ እነዚህን ወፎች ታውቋቸዋላችሁ፤ እዚያ ብርዱ ሲገባ ሁላ ሸለቆን የሚሞሉት ናቸው፣ ከእነሱ ከፊሎቹ እስከ እኛ ድረስ ይወርዳሉ። ገፈርሳ ግድብ ላይ ደግሞ ክንፈ ሰማያዊው የኢትዮጵያ ዝይ ይታያል። ባቱ ከሄዳችሁ ጀልባ ማቆሚያው ጋ ይብራዎች (ፔሊካኖች) አሉ።

ለሚበር ወፍ በትልቁ ጀምሩ። ይብራ ከባድ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ መንገዱም ይገመታል። ወፎች ብዙውን ጊዜ ነፋስ እየተቀበሉ ነው የሚነሱትም የሚያርፉትም። ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፤ ወደ እናንተ ዞረው ያርፋሉ። እግራችሁን አታንቀሳቅሱ፣ ከወገባችሁ በላይ ብቻ አብራችሁ ዙሩ፣ ቁልፉን ከለቀቃችሁም በኋላ ዙሩ።

መኪና ካላችሁ ከውስጥ አትውረዱ። እንስሳ ሰውን እንጂ መኪናን ብዙም አይፈራም። ሞተሩን አጥፉ፤ ንዝረቱ ሌንሱ ላይ ይታያል። የሽንብራ ከረጢታችሁን መስኮቱ ላይ አድርጉና ሥራ ጀምሩ።

8. ጭላዳና ቀይ ቀበሮ

ጭላዳ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ብቻ ነው። ለማየት የግድ ሰሜን ተራሮች መድረስ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደብረ ሊባኖስ አካባቢ፣ ከፖርቹጋል ድልድዩ አጠገብ ባለው ገደል አፋፍ ላይ አሉ። የመናገሻ ሱባን ጫካ የመረጠ ሰው ደግሞ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ሊያገኝ ይችላል።

ጭላዳ ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድራል፤ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ አፋፉ ላይ መገኘት አለባችሁ። ሲወጡ ወዲያው አይሰማሩም። ፀሐይ እየሞቁ ይቀማመላሉ፣ ግልገሎች ይንጫጫሉ። በኋላ ሣር መንጨት ሲጀምሩ እንደተቀመጡ ወደፊት ይንፏቀቃሉ። ከመንጋው ፊት ለፊት ራቅ ብላችሁ መንገዳቸው ላይ በጎን ቁጭ በሉና ጠብቁ። ካሳደዳችኋቸው ጀርባ ነው የምታገኙት፤ ከተቀመጣችሁ እየበሉ ራሳቸው ይቀርባሉ።

ዓይናቸው ላይ አታፍጥጡ፣ ጥርሳችሁን እያሳያችሁም አትሳቁ። ወንዱ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ የነጣውን የዓይኑን ቆብ ካሳየ፣ ወይም የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካወጣ ተቆጥቷል ወይም ፈርቷል። ሌንሱን ረስታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። ያንን ፊት ያሳየ ፎቶ በየቦታው "ሲስቅ" ተብሎ ይለጠፋል። አልሳቀም።

ምርጡ ፎቶ ከኋላ በሚመጣ ብርሃን ነው። ወንዱ በእናንተና በጠዋቷ ፀሐይ መሃል ሲሆን፣ ከጀርባው ደግሞ ገና ጥላ ውስጥ ያለ ገደል ሲኖር፣ ጎፈሩ ዙሪያውን በወርቅማ መስመር ይከበባል። ካሜራው ጥቁሩን ገደል አይቶ ሁሉንም ሊያበራ ይሞክራል፤ ወደ መቀነሱ 1 ጎትቱት። ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ ለማሳየት ግን ዞራችሁ ፀሐይዋን ጀርባችሁ ላይ አድርጉ። ሁለቱ በአንድ ፎቶ አይገኙም።

ቀይ ቀበሮ ሌላ ጉዞ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 የሚያንሱ አዋቂዎች ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ነው ያሉት። ሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቀበሮው በቀን ስለሚያድን ለፎቶ ይመቻል። ቆም ብሎ ጆሮውን ወደ መሬት ሲያቀና ካያችሁት የፍልፈል ወይም የአይጥ ጉድጓድ እያደመጠ ነው። ያኔ ተዘጋጁ፣ ቁልፉን ግማሽ ተጭናችሁ ጠብቁ፤ ይዘላል። ብርዱ ባትሪ ይጨርሳልና ትርፉን የውስጥ ኪሳችሁ ውስጥ፣ ገላችሁ አጠገብ አድርጉት። ማታ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ካሜራውን ከቦርሳው አታውጡ፤ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ አለዚያ ሌንሱ ውስጥ እርጥበት ይገባል። ባሌ ሄዳችሁ ዲንሾንም አትለፉት፤ የደጋ አጋዘኑና ከርከሮው ጽሕፈት ቤቱ አካባቢ ድረስ ይመጣሉ።

9. ፈቃድና ይሉኝታ

ፓርክ መግቢያ ይከፈላል፣ ሰሜን ተራሮችን በእግር ስትጎበኙ ስካውት (አጃቢ የፓርክ ጠባቂ) ይያዛል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም አካባቢው ላይ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ድሮን ያለፈቃድ አይታሰብም። ወታደራዊ ቦታ፣ ኬላና የጥበቃ ሠራተኛ አታንሱ።

እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ካገኛችሁ አንድ ሁለት ከሩቅ አንሱና ሂዱ። የሸፈነውን ቅጠል አትቁረጡ፤ ለእናንተ የተገለጠ ለጭልፊትም ተገልጧል። ወፍ ለመጥራት የወፍ ድምፅ በስልክ አታጫውቱ። ጭላዳና ጦጣ ሙዝ አታብሉ፤ የለመደ መንጋ ቆይቶ የልጅ እጅ ላይ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያረጁ ዛፎች ስላሉት ወፍ ሞልቷል፤ ግን አስፈቅዱ፣ ቅዳሴ ሲኖር ካሜራችሁን አታውጡ። የሰው ልጅ ስታነሱ ወላጁን ጠይቁ። "እልክላችኋለሁ" ካላችሁ ላኩ።

10. ቤት ስትመለሱ

ያነሳችሁትን የዚያኑ ቀን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ከዚያ ሳትራሩ ምረጡ። መመዘኛው አንድ ነው፤ ዓይኑ ጥርት ብሏል ወይ? ዓይኑ ብዥ ያለ ወፍ ወይም ልጅ ይሰረዝ፣ ሌላው ምንም ቢያምር። ማስተካከያውን አታብዙ። የሐይቁን መስመር አቅኑ፣ ትርፉን ቁረጡ፣ ጥላ ያረፈበትን ትንሽ አብሩ። ለዚህ ስናፕሲድ በነፃ ይበቃል።

የመረጣችሁትን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ ውጭ ያለው ዘመድ ሊያሳጥበው ቢፈልግ ደብዝዞ ይወጣል።

እናም አሳጥቡ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ፓስወርድ ይረሳል። ፎቶ ቤት ስትሄዱ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለአልበም ይበቃል። ባለሙያውን "ቀለሙን አትንካው፣ እንዳለ አውጣልኝ" በሉት፤ ብዙዎቹ ማሽኑ በራሱ እንዲያስተካክል ስለሚተዉት ጠየም ያለ ፊት ነጥቶ ይወጣል። መጀመሪያ አንድ ብቻ አስወጥታችሁ እዩ፤ ከጨለመ የስልካችሁ ስክሪን በጣም በርቶ ነው ያሳሳታችሁ።

ከጀርባው ላይ ጻፉበት። ስክሪብቶ ወረቀቱን ስለሚወጋና ቀለሙ ስለሚያልፍ ቀጭን ማርከር ተጠቀሙ፣ እስኪደርቅም አትደራርቡት። የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቦታውን፣ ቀኑን። ካሜራው የሚመዘግበው የፈረንጁን ቀን ነውና የእኛንም አብራችሁ አስፍሩ። ወፍ ከሆነ ስሙንና የት እንዳገኛችሁት ጻፉ፤ ስሙን ካላወቃችሁት ቦታውን ክፍት ተዉት።